የኤችአይቪ መድኃኒት ገጠር ሲገባ ሞት በምን ያህል ቀነሰ?

ጤና መኮንን ከወሎ

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ መድረክ ላይ ስለ ኤችአይቪ ሲነሳ ወሬው ስለ መከላከል ነው፤ አለዚያ ስለ መገለል። ስለ ሞቱ ማውራት ትተናል። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ በየሰፈሩ የነበረው ያ ተከታታይ ለቅሶ የት ሄደ? ምን አስቆመው? እኔ የምሠራው ገጠር ጤና ጣቢያ ነው። አዲስ የሚመደቡልን ልጆች ያንን ጊዜ አላዩትም። መድኃኒቱ ሁልጊዜም መደርደሪያው ላይ የነበረ ይመስላቸዋል። እስቲ እንወያይበት።

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ጥናቶቹ የተጻፉት በዚያ ስለሆነ ነው።

የገጠርን ሞት ከመድኃኒቱ በፊትም በኋላም በደንብ የመዘገበ ቦታ ብባል ቶሎ የሚመጣልኝ ህላቢሳ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ክዋዙሉ ናታል፣ በስተሰሜን በኩል ያለ ገጠር ነው። እዚያ ከ2000 ጀምሮ አንድ የምርምር ማዕከል ቤት ለቤት እየዞረ ይመዘግባል። ማን ተወለደ፣ ማን መጣ፣ ማን ለሥራ ሄደ፣ ማን ሞተ፣ ሁሉም ይጻፋል። ሰው ሲሞት ነርስ ቤተሰቡ ጋ ሄዳ ትጠይቃለች። ሳል ነበረው? ከስቶ ነበር? ተቅማጡ ስንት ጊዜ ቆየ? ሐኪሞች ያንን አንብበው የሞቱን ምክንያት ይለያሉ። ያኔ ከአዋቂዎች ሞት ግማሽ ያህሉ የኤድስ ነበር።

በ2003 የአንድ አዋቂ ሰው የመኖር ተስፋ 49.2 ዓመት ነበር። በ2004 መድኃኒቱ በመንግሥት ክሊኒኮች በነጻ መሰጠት ጀመረ። በ2011 ቁጥሩ 60.5 ደረሰ። በ8 ዓመት ውስጥ ከ11 ዓመት በላይ ዕድሜ ተጨመረ ማለት ነው። በሰላም ጊዜ እንዲህ ያለ ለውጥ በዚህ ፍጥነት ማየት ብርቅ ነው።

ሁለተኛው ቦታ ማላዊ ነው። ካሮንጋ፣ ከሐይቁ ዳር። እዚያም እንደዚሁ ሞት ቤት ለቤት ይመዘገብ ነበር። በ2005 አጋማሽ የመጀመሪያው የኤችአይቪ ሕክምና ክሊኒክ ተከፈተ። ከ8 ወር በኋላ ሲታይ የአዋቂዎች ሞት በጠቅላላ በ10 በመቶ ቀንሷል። ከዋናው መንገድ አጠገብ ባሉት መንደሮች ግን በ35 በመቶ ነው የቀነሰው።

እኔን የያዘኝ ይህ ነው። መድኃኒቱ ያው ነው፣ ክሊኒኩም ያው ነው። የመንገዱ ልዩነት ግን የሞት ልዩነት ሆነ። ህላቢሳም የተሳካለት ሥራው ለሆስፒታሉ ብቻ ስላልተተወ ነው። በየአካባቢው ያሉ ትንንሽ ክሊኒኮች ውስጥ ነርሶች ያዙት። ሞትን የቀነሰው ኪኒኑ ለሰው ደጅ መቅረቡ ነው ባይ ነኝ። እናንተስ?

ሱቅ በደርባን መንገድ

ወንድሜ፣ የጠቀስከውን አገር አውቀዋለሁ። ክዋዙሉ ናታል ገጠር ውስጥ ሱቅ ይዤ ረጅም ጊዜ ኖሬያለሁ። ብዙ የአገራችን ልጆች እዚህ አካባቢ በንግድ ላይ ናቸው።

መጀመሪያ ስመጣ ቅዳሜ የቀብር ቀን ነበር። እዚህ ቀብር የሚደረገው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ ዘመድ ከጆሃንስበርግም ከደርባንም መምጣት ስላለበት። ድንኳን በየኮረብታው ይተከላል። ከሱቄ ሩዝ፣ ዘይትና ሻማ የሚወስዱት ለዚያ ነበር። እነሱም እንደኛ እድር አላቸው፤ በየወሩ ለቀብር የሚያዋጡት። የሚቀበሩት ደግሞ ልጆቻቸው እንጂ አያቶቹ አልነበሩም። አያቶቹ የልጅ ልጅ ይዘው ቀሩ።

አሁንም ሰው ይሞታል። አሁን ግን በየኮረብታው ድንኳን አይታይም። የማውቃቸው ደንበኞቼ በየወሩ ክሊኒክ ሄደው በመመለሻቸው ሱቅ ይገባሉ። መድኃኒቱን በቦርሳቸው ይዘው ዳቦና ስኳር ይገዛሉ። ማንም ዞሮ አያያቸውም።

አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ አገር መድኃኒቱ የዘገየው በገንዘብ ብቻ አይደለም። በፕሬዚዳንት ምቤኪ ጊዜ መንግሥቱ ኤድስ በቫይረሱ እንደሚመጣ ይጠራጠር ነበር። ሕዝቡ ሰልፍ ወጣ፣ ፍርድ ቤት ሄደ። በ2002 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚከላከለው መድኃኒት፣ ኔቪራፒን፣ ለነፍሰ ጡሮች ይሰጥ ብሎ ፈረደ። በኋላ ተመራማሪዎች ሲያሰሉት በዚያ መዘግየት ከ330,000 በላይ ሰው ሞቷል። እዚህ የሚኖር ሰው ይህንን ሳያነሳ ስለ መድኃኒቱ አያወራም።

ቁጥር ይናገር

ጥሩ ክር ነው። እኔ ግን ትንሽ ልሞግት። ወረርሽኝ በራሱ ጊዜ ወደ ላይ ይወጣል፣ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ብዙ ሰው ቀድሞ ከሞተ በኋላ የሞት ቁጥር መቀነሱ አይቀርም። በዚያ ላይ ደቡብ አፍሪካ በእነዚያ ዓመታት የጡረታና የልጆች ድጎማ አስፋፍታለች። ውሃና መብራት ገብቷል። ሁሉንም ለመድኃኒቱ መስጠት እንዴት ይቻላል?

ካሮንጋም ላይ ጥያቄ አለኝ። መንገድ ዳር ቀድሞውንም በሽታው ይበዛል። ሾፌር አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ቡና ቤት አለ። ብዙ በሽተኛ ባለበት ብዙ ሞት ቢቀንስ ምን ይገርማል? ርቀቱ ነው ለማለት አይበቃም።

ጤና መኮንን ከወሎ

@ቁጥር ይናገር ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ በደንብ ልመልስ።

ስለ ካሮንጋ ያልከው ልክ ነው። መንገድ ዳር ሞቱ ቀድሞም ከፍ ያለ ነበር፤ የመቀነሱ አንድ ምክንያት ያ ነው። ግን መራቁ ብቻውን ሰው ያስቀር እንደነበር በዚያ ጊዜ በክሊኒክ የሠራ ሁሉ ይነግርሃል። የሞተር ብስክሌት ኪራይ የሌለው ሰው ቀጠሮውን አይጠብቅም። ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

የህላቢሳው ጥያቄ በቀላሉ ይለያል። ድጎማና ውሃ ቢሆን ኖሮ ቫይረሱ የሌለበትም ሰው ዕድሜ አብሮ መጨመር ነበረበት። የቀነሰው ግን የኤችአይቪ ሞት ነው። ሌላው ሞት ባለበት ቆመ ማለት ይቻላል። ጊዜውንም ተመልከት። ከ2000 እስከ 2003 የመኖር ተስፋ እየወረደ ነበር። መታጠፊያው መድኃኒቱ ከገባበት ዓመት ጋር ይገጥማል።

ወረርሽኙ በራሱ ጊዜ ወርዶ ነው ለሚለውም ተቃራኒው ነው የታየው። በዚያ አካባቢ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ድርሻ ከፍ አለ እንጂ አልቀነሰም። ከአዋቂው ከሩብ በላይ ደረሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰዎቹ አልሞቱም። ብዙ ጊዜ ጋዜጣ ላይ «ስርጭቱ ጨመረ» ተብሎ ሲጻፍ ሰው ይደነግጣል። አንዳንዴ ከጀርባው ያለው ዜና ሰው በሕይወት መቆየቱ ነው።

በዚያው ቦታ ሌላም ነገር ታይቷል። ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑ ሕሙማን መድኃኒት በሚወስዱበት ሰፈር የሚኖር ጤነኛ ሰው፣ ሽፋኑ ከ10 በመቶ በታች ከሆነበት ሰፈር ሰው ይልቅ አዲስ የመያዝ ዕድሉ በ38 በመቶ ያነሰ ነበር። የሚታከመው ሰው ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ሲወርድ በግብረ ሥጋ ለሌላው አያስተላልፍም። ስለዚህ ዛሬ የተጀመረ ሕክምና ከ10 ዓመት በኋላ የሚመጣውንም ሞት ይቀንሳል።

ቁጥር ይናገር

ሌላው ሞት ባለበት ቆሞ የኤችአይቪው ብቻ መቀነሱ አሳማኝ ነው። ይህንን አላውቅም ነበር፣ አመሰግናለሁ። ስለ ኢትዮጵያ ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ ቆይቼ እመለሳለሁ።

ሲስተር አበባ

ልጆች፣ እኔ በነርስነት ከመድኃኒቱ በፊትም በኋላም ሠርቻለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የእኛንም አገር ታሪክ ላስገባ።

በመጀመሪያ መድኃኒቱ በዓለም ላይ ለአንድ ሰው በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ያስወጣ ነበር። በ2001 የህንዱ ሲፕላ ሦስቱን አንድ ላይ በ350 ዶላር አቀርባለሁ አለ። ያ ነው በሩን የከፈተው። በ2002 ግሎባል ፈንድ ተቋቋመ፣ በ2003 የአሜሪካው የኤድስ እርዳታ ፕሮግራም፣ ፔፕፋር፣ መጣ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2005 መጨረሻ 3 ሚሊዮን ሰው ይታከም የሚል ዘመቻ አወጀ። ግቡ በጊዜው አልተደረሰበትም፤ ግን አገሮች ሁሉ መሮጥ ጀመሩ።

እኛ ጋ በ2003 በክፍያ ተጀመረ። መክፈል የቻለ ጀመረ፣ ያልቻለ ተመለሰ። መሬት ሸጦ ጀምሮ ገንዘቡ ሲያልቅ ያቋረጠ ሰው አውቃለሁ። ነጻ የሆነው ጥር 1997 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ ሆስፒታል ብቻ ነበር። በዓመትና በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ ጤና ጣቢያ ወረደ፣ ነርስና ጤና መኮንን እንዲያስጀምሩ ተፈቀደ። ያኔ አንዳንድ ሐኪሞች ነርስ እንዴት ይህንን ይይዛል ብለው ተቃውመው ነበር። ሐኪም እስኪገኝ ቢጠበቅ ኖሮ ገጠሩ ያልቅ ነበር።

አሁን ወጣቶቹ እንዲያውቁት የምፈልገው የመጀመሪያዎቹን ወራት ነው። ሰው የሚመጣው በቃሬዛ ነበር። አልማዝ ባለጭራ ወጥቶበት፣ አፉ ውስጥ ነጭ ሽፋን ሞልቶ፣ መዋጥ አቅቶት። ሲዲ ፎር፣ ማለትም በደም ውስጥ ያሉት በሽታ ተከላካይ ሴሎች ቁጥር፣ ከ200 በታች ካልሆነ አይጀመርም ነበር። ብዙዎቹ ሲመጡ 50 አይሞላም። መድኃኒቱን ጀምረን በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ውስጥ እናጣቸዋለን። በቲቢ፣ በማጅራት ገትር፣ በሳንባ ምች። ቤተሰቡ «መድኃኒቱ ገደለው» ይላል። መንደሩ ውስጥ ይህ ወሬ ሲዞር ሌላው ይፈራና እሱም ዘግይቶ ይመጣል።

ስለዚህ የሞቱ ቁጥር የወረደው መድኃኒቱ በመኖሩ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው መስፈርት ከ200 ወደ 350፣ ከዚያ ወደ 500 ከፍ አለ። ከ2015 በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት የተመረመረ ሁሉ ወዲያው ይጀምር አለ፣ እኛም ተከተልን። ሰው ሳይታመም መጀመር ሲችል ነው ሞቱ የጠፋው። ኮትሪሞክሳዞልንም አትርሱት። እንደ ሳንባ ምች ያለውን ተጓዳኝ በሽታ የሚከላከል ርካሽ ኪኒን ነው፣ ብዙ ነፍስ አትርፏል።

ዘመኔ

ሲስተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከእነዚያ በቃሬዛ ከመጡት አንዷ እኔ ነኝ ማለት እችላለሁ፤ ሌላ ቦታ ቢሆንም።

መጀመሪያ የወሰድኩት መድኃኒት ስታቩዲን ያለበት ነበር። አተረፈኝ። ግን ጉንጬ ገባ፣ ክንዴ ቀጠነ፣ ውስጥ እግሬን ያቃጥለኝ ነበር። ሰው ፊቴን አይቶ ያውቃል ብዬ ገበያ መሄድ ትቼ ነበር። በኋላ ተቀየረልኝ። አሁን ዶሉቴግራቪር ያለበትን በቀን አንድ ኪኒን ነው የምውጠው። ምንም አይሰማኝም።

ጤና መኮንኑ ስለ ርቀት ያለውን ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበልም። እኔ ከቤቴ በእግር የሚደረስ ጤና ጣቢያ እያለ ሌላ ከተማ ድረስ በአውቶቡስ እሄድ ነበር። ለምን? እዚያ የሚያውቀኝ የለም። በአቅራቢያዬ ያለው ጤና ጣቢያ ውስጥ የክፍሉ በር ፊት ለፊት ከመንገዱ ይታያል። አንዲት ሠራተኛ ስሜን ከነክፍሉ ጮክ ብላ ስትጠራኝ ጎረቤቴ ወረፋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ በኋላ አልተመለስኩም። ክረምት ላይ መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት ያለቀብኝ በዚህ ምክንያት ነው።

መቅረቡ ጥሩ ነው። ግን ምስጢር የማይጠብቅ ጤና ጣቢያ ቢቀርብም ሩቅ ነው። እኔን ወደ ሰፈሬ የመለሰኝ ቤቱ የጋራ ካርድ ክፍል ሲሠራና መድኃኒቱ ከሌላው ሕመምተኛ ጋር በአንድ መስኮት መሰጠት ሲጀምር ነው።

ጤና መኮንን ከወሎ

@ዘመኔ እህቴ፣ ልክ ነሽ። ርቀት ስል በኪሎ ሜትር ብቻ አስቤ ነበር የጻፍኩት። አንቺ ያልሽው ወጣቶቹ ነርሶች ሊያነቡት የሚገባ ነው። ከፈቀድሽ ስምሽን ሳልጠቅስ ለባልደረቦቼ አሳያቸዋለሁ።

ዘመኔ

አሳያቸው። የክፍሉን ቁጥር ከስም ጋር እንዳይጠሩ በላቸው፣ ሌላ ምንም አልፈልግም።

ዲያቆን ከጎጃም

ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛላችሁ። ስለ ፀበል ማንም አላነሳም። ገጠር ላይ ብዙ ሰው የሞተው መድኃኒት እያለ ፀበል ብቻ ብሎ በማቋረጡ ነው። እንጦጦ ማርያም በዚያ ዘመን ከየአገሩ የመጣ ሕመምተኛ ሞልቶባት ነበር። አንዳንዱ አጥማቂ መድኃኒት ከወሰድክ እምነትህ ጎዶሎ ነው ይል ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒቱንም ፀበሉንም አብሮ መውሰድ ይቻላል ብለው በይፋ ተናገሩ። መድኃኒትንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው ማለት ነው። ይህ ቃል ገጠር ሲደርስ የብዙ ሰው ልብ አረፈ። እኔ ራሴ በፀበል ቦታ ኪኒናቸውን በፀበሉ የሚውጡ እናቶች አይቻለሁ። አሁንም ግን የሚያስጥሉ አሉ። ካህናት በየደብሩ ይህንን ደግመው መናገር አለባቸው። ለነፍስ አባቱ እሺ የሚል ሰው ለነርስ እሺ ላይል ይችላል።

የእድር ጸሐፊ

የኔ ምስክርነት ከመዝገብ ነው። በሰሜን በኩል ያለች ትንሽ የመንገድ ዳር ከተማ ውስጥ የእድር ጸሐፊ ነኝ፤ ከአባቴ የተረከብኩት ነው። የአባቴን ዘመን መዝገብ ስገልጥ የወጣት ስም ነው የሚበዛው። ባል ይሞታል፣ ሳይቆይ ሚስት ትከተላለች። ገንዘቡ አልበቃ ብሎ ወርሃዊ መዋጮው ተደጋግሞ ጨምሯል። አንዳንድ እድር በዚያ ጊዜ ፈርሷል። ሌላው ደግሞ ሰው ከሞተ በኋላ ከማዋጣት ታሞ እያለ እንርዳው ብሎ ደንቡን ቀየረ። የኛ እድር ለትራንስፖርት መስጠት የጀመረው ያኔ ነው።

አሁን መዝገቡ ላይ የሚጻፉት በዕድሜ የገፉ ናቸው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ እርጅና። ወጣት የሞተ እንደሆነ በመኪና አደጋ ነው። ወይም በጦርነቱ።

አንድ ያነበብኩት ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2001 ጀምሮ በየመቃብር ስፍራው ሟቾችን እየመዘገቡ ያጠኑ ነበር። መድኃኒቱ ከመጣ በኋላ የኤድስ ሞት በፍጥነት መውረዱን ያሳዩት በዚያ መዝገብ ነው። እኛ አገር ሞት የሚመዘገብበት ጽሕፈት ቤት በማይታሰብበት ጊዜ መቃብር ቆፋሪውና የቤተ ክርስቲያኑ ጸሐፊ ያንን ሥራ ሠሩ። የገጠር እድር መዝገቦችም ሳይጠፉ ቢሰበሰቡ ብዙ ይናገራሉ።

ቁጥር ይናገር

ተመለስኩ። ጥያቄዬ ይኸው። በ2016ቱ የሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት የአገራችን ስርጭት 0.9 በመቶ ነበር። ከተማ 2.9፣ ገጠር 0.4። ህላቢሳ ግን ከአዋቂው ሩብ በላይ ነው። ታዲያ የእነሱን 11 ዓመት ወደ እኛ ገጠር ማምጣት አይቻልም። እኛ ገጠር ላይ የሰውን ዕድሜ የጨመረው የእናቶችና የሕፃናት ጤና፣ ክትባት፣ የወባ አጎበርና የጤና ኤክስቴንሽን ነው። የኤችአይቪ ድርሻ ትንሽ ነው የሚሆነው።

ጤና መኮንን ከወሎ

በዚህ እስማማለሁ። በጠቅላላው የገጠር ሕዝብ ላይ ሲካፈል ድርሻው ትንሽ ነው። የህላቢሳን ቁጥር የጠቀስኩት መድኃኒቱ ምን ማድረግ እንደሚችል በግልጽ ስለሚያሳይ ነው።

ግን 0.4 የሚለው አማካይ ይደብቃል። ከደጋው መንደር ጋር የመንገድ ዳሯን ከተማ አብሮ ይጨፈልቃል። የእድር ጸሐፊው የተናገረላት ዓይነት ከተማ አለች። ሰሊጥና ጥጥ ለቀማ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ አለ፤ ተመዝግቦ የሚኖረው እንደ ገጠር ሰው ነው። እነዚህ ቦታዎች ላይ የወጣት ሞት እንደ አማካዩ አልነበረም። በአገር ደረጃም ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ዛሬ በመድኃኒቱ ነው ያለው። ይህ ትንሽ ሕዝብ አይደለም።

ቡታጅራ፣ ግልገል ጊቤ፣ ዳባትና ቀርሳ ላይ እንደ ህላቢሳ ቤት ለቤት የሚመዘገብባቸው ጣቢያዎች አሉን። ቡታጅራ ከ1980ዎቹ ጀምሮ አለ። እነሱ እንዳይዘጉ ነው መታገል ያለብን።

ማርታ ከአዳማ

ወንዶቹስ? ሁሉም ታሪክ ውስጥ የሚታየኝ ሴቶች ክሊኒክ ሲሄዱ ነው።

ሲስተር አበባ

ልጄ፣ ዋናውን ጠየቅሽ። ሴቷ በእርግዝና ጊዜ ትመረመራለች። ልጇን ለማስከተብ ትመጣለች። ወንዱ ግን ካልወደቀ አይመጣም። ሲመጣ ሳንባው አልቋል። ሚስቱ ተመርምራ መድኃኒት ጀምራ ለእሱ መንገር ፈርታ ደብቃ ስትውጥ፣ እሱ ሲሞት ያየሁት ብዙ ነው።

ጤና መኮንን ከወሎ

ህላቢሳም ይኸው ነው የታየው። ከ2003 እስከ 2011 የሴቶች የመኖር ተስፋ በ13 ዓመት ገደማ ሲጨምር የወንዶቹ በ9 ነው። ልዩነቱ ከድሮው እጥፍ ሆነ። በ2011 በኤችአይቪ ከሞቱት ወንዶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አንድም ቀን ለሕክምና ያልሄዱ ነበሩ። መድኃኒቱ በነጻ፣ ክሊኒኩ በአቅራቢያቸው እያለ። ርቀት ያልኩት ነገር እዚህ ላይ አይሠራም። ወንዱ ያለበት ቦታ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል። እኛ ጋ ሞክረን ጥሩ ውጤት ያየነው ማታ ማታና በገበያ ቀን ስንመረምር ነው። እርሻ ትቶ በሥራ ቀን ወረፋ የሚይዝ ገበሬ የለም።

ሱቅ በደርባን መንገድ

እዚህም ወንዶቹ ክሊኒኩን የሴት ቤት ነው የሚሉት። ሥራዬ ይጠፋብኛል የሚለው ሰበባቸው እውነት ነው፤ ለአንድ ቀን ከቀረ ይባረራል። ደስ የሚለው ግን መድኃኒት የጀመሩት ወደ ሥራ ይመለሳሉ። እዚሁ አካባቢ የተጠና ነው። ከ4 ዓመት ሕክምና በኋላ ሥራ ያላቸው ሕሙማን ድርሻ ሕክምና ከመጀመራቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት ከነበረው ወደ 90 በመቶ ያህሉ ተመልሷል። ሱቄ ውስጥ በዱቤ ወስዶ ይሞታል ተብሎ የነበረ ሰው ዛሬ ታክሲ ይነዳል። ዕዳውንም ከፍሏል።

ቴዎድሮስ ሜሪላንድ

ሁላችሁንም አነበብኩ። እኔ ያለሁት ገንዘቡ በሚወጣበት አገር ነው። በጥር 2025 የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ሲቆም ምን ደረሰባችሁ? እዚህ የምንሰማው የተምታታ ነው። ለምክር ቤት እንደራሴዎቻችን እየደወልን ነው። መሬት ላይ ያለውን ብናውቅ ይጠቅመናል።

ጤና መኮንን ከወሎ

ወንድሜ፣ መድኃኒቱ ወዲያው አልጠፋም። የጠፋው ሰው ነው። በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውል በአንድ ጊዜ ተቋረጠ። የመረጃ ሠራተኞች፣ ጉዳይ ተከታታዮች፣ መድኃኒት ያቋረጠውን ሰው በስልክና በእግር የሚፈልጉት። በውጭ ሲታይ ትርፍ ሠራተኛ ሊመስሉ ይችላሉ። ሞትን የሚያስቆመው ግን የእነሱ ሥራ ነው። አንድ ሰው ቀጠሮ ሲያልፈው ማንም ካልደወለለት፣ እኛ የምናውቀው ታሞ ሲመጣ ነው።

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ይህንን አይተነዋል። ጤና ተቋማት ሲዘረፉ ሰው ኪኒን በየቤቱ ሲካፈል ነበር። ብዙ ሰው አቋረጠ። ከተመለሰው ውስጥ በጣም ተጎድቶ የመጣው ብዙ ነው። ቫይረሱ ሲለቀቅ አይታገስም። በ8 ዓመት የተገነባ ነገር በጥቂት ወራት ይፈርሳል።

አንድ ያዳነን ነገር የ6 ወሩ ቀጠሮ ነው። ከ2017 ጀምሮ ደህና የሆነ ሰው የ6 ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይወስዳል። መንገድ ቢዘጋ፣ ተኩስ ቢነሳ ቤቱ ውስጥ አለው። ለእንደራሴዎቻችሁ ስትናገሩ ይህንን ጨምሩ። መድኃኒት ብቻ ላኩ አትበሉ። የሚፈልገውንም ሰው ደመወዝ ጠይቁ።

ቴዎድሮስ ሜሪላንድ

በዚሁ ቃል ነው የማስተላልፈው። አመሰግናለሁ።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ፣ ክሩን በሌላ ጥያቄ ላቋርጥ። የአክስቴ ልጅ ገጠር ነው ያለችው። መድኃኒቷን ካቆመች ወራት ሆኗታል። ታስሳላለች። ካርዷ ጠፍቷል፣ «ይቆጡኛል» ብላ አትሄድም። ቤት ውስጥ የቀረ የድሮ ኪኒን አለ። እሱን ትጀምር?

ሲስተር አበባ

ልጄ፣ የድሮውን ኪኒን አትጀምር። መጀመሪያ ትታይ። ሳል ካላት ቲቢ መመርመር አለባት፤ አክታ ይወሰዳል። ከባድ ራስ ምታት፣ የአንገት መገተር ወይም የዓይን መደብዘዝ ካለባት በዚያው ቀን ትሂድ።

ካርድ ባይኖራትም ያስተናግዷታል። መድኃኒቱ ነጻ ነው። የድሮዋን ጤና ጣቢያ ከፈራች ሌላ ትሂድ፣ መረጃዋን እነሱ ያስመጣሉ። ስትገባ «አቋርጬ ነበር» ትበል፣ አትደብቅ። የደበቀች እንደሆነ የተሳሳተ ይሰጧታል። ብቻዋን አትላካት። በሩ ላይ ስትደርስ ትመለሳለች፤ ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው።

አዲስ ገቢ

እሺ ሲስተር። ሰኞ አብሬያት እሄዳለሁ።

ጤና መኮንን ከወሎ

ደቡብ ወሎ ውስጥ ከሆነች በግል መልእክት ወረዳዋን ጻፍልኝ። የክፍሉ ባለሙያ ማን እንደሆነ ጠይቄ እነግርሃለሁ፣ ጠዋት በ2 ሰዓት ብትደርሱ ወረፋው አጭር ነው።